የእህቴ ሪያልና የአባቴ ብር

ወልድያ ውስጥ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በሩ አጠገብ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የዕለቱን የውጭ ምንዛሪ እጽፋለሁ። ዶላር ከላይ ነው። ዩሮና ፓውንድ ይከተላሉ፤ የሳዑዲ ሪያል ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው ያለው። ከሐራ፣ ከመርሳ፣ ከግራና የሚመጣው ሰው ግን ዓይኑን የሚጥለው ከታች ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እንኳ የሪያልን መስመር በቦታዋ ያውቋታል። "ዛሬ ስንት ገባች?" ብለው ይጠይቁኛል፤ የታመመ ሰው እንዴት አደረ እንደሚባለው።

ያንን ቁጥር ስምንት ዓመት ጽፌዋለሁ። በስምንቱ ዓመት ውስጥ የገዛ እህቴ ከጅዳ በምትልከው ገንዘብ ላይ አንድም ቀን የማካፈል ሒሳብ አልሠራሁም። አሁን ቁጭ ብዬ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

እናታችን የሞተችው እኔ ገና የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ነው። ያሳደገችኝ እህቴ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እታለም ነው የምላት። ቤታችን ከመርሳ ወደ ግራና ሲኬድ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ነው። አባቴ እዚያ ማሽላና ጤፍ ያርሳሉ፤ በወንዙ ዳር ባለችው ትንሽ መስኖ ደግሞ ሽንኩርት ይተክላሉ። እታለም ጠዋት ፀጉሬን ትሠራልኛለች፣ ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልላ ትሰጠኛለች፣ ከዚያ ውኃ ልትቀዳ ትሄዳለች። ስመለስ የተማርኩትን ትጠይቀኛለች። እሷ ትምህርቷን ያቋረጠችው በእኔ ምክንያት እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ዝናቡ አጉል ጊዜ ቆመና ማሽላው ፍሬ ሳይዝ አገዳ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዓመት ነው ወደ ሳዑዲ ለመሄድ የወሰነችው። አባቴ አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም። በመጨረሻ "አላህ ይጠብቅሽ" አሉና የጉዞዋን ወጪ ለመሸፈን ሁለት ፍየል ሸጡ። ከመርሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ፣ በመስኮቱ በኩል ማበጠሪያዋን ሰጠችኝና "ፀጉርሽን ራስሽ መሥራት ልመጂ" አለችኝ። እኔ መሥራቱን አልለመድኩትም፤ በሳምንቱ አባቴ ወስደው አስቆረጡኝ።

ከሦስት ወር በኋላ "ገንዘብ ተልኮላችኋል" የሚል ወሬ ደረሰን። አባቴ ፊደል ስለማያውቁ መርሳ ወዳለው ባንክ እኔን ይዘውኝ ሄዱ። አንድ ሺህ ሪያል ነበር። ከፋዩ ሰውዬ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር ቆጥሮ ሰጣቸው።

አባቴ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩና "ልጄ የላከችው አንድ ሺህ ነው የተባለው። ይሄ ከየት መጣ?" አሉ። የሰው ገንዘብ የተቀላቀለባቸው መስሏቸው ነበር።

"አንዷ ሪያል ሁለት ብር ከሰላሳ ናት፣ አባባ" አላቸው ሰውዬው። "የዛሬ ምንዛሪዋ ነው።"

"ነገስ?"

"ነገ ልትለወጥ ትችላለች።"

መንገዱን ሁሉ "ሁለት ከሰላሳ፣ ሁለት ከሰላሳ" እያሉ ነበር የሄዱት፤ እንዳይረሱት። ለእኔ የፕላስቲክ ጫማና ደብተር ገዙልኝ። ለቤት ስኳር፣ ለመስኖው ደግሞ የሽንኩርት ዘር ያዝን። ቤት ስንገባ ባንኩ የሰጣቸውን ደረሰኝ አራት አጥፈው ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት። "ይሄ የልጄ ላብ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ደረሰኝ አልጣሉም።

ሪያሏ በአባቴ አነጋገር "እያደገች" መጣች። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ሦስት ብር ከሃምሳ ሆነች። አሥረኛ ክፍል ስፈተን አምስት ብር ልትሞላ ጥቂት ነበር የቀራት። በዚያ ዓመት እታለም ለሁለት ወር መጥታ፣ ለአባቴ ጋቢና ሰዓት፣ ለእኔ ሦስት ቀሚስ አምጥታ ተመለሰች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ባንክ ስቀጠር ሪያሏ ሰባት ብር አልፋ ነበር። እታለም የምትልከው በየሁለት ወሩ አንድ ሺህ ሪያል ነው። ስለዚህ የአባቴ እጅ የሚገባው ሰባት ሺህ ብርና ጥቂት መቶዎች ነበር።

ያኔ ሰባት ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። ጥሩ ጊደር ይገዛል። ጎረቤቶቻችን ከአረብ አገር የሚላክላቸው አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ጭራሹን ይቀራል። የእታለም ግን ዝንፍ አይልም። አባቴ ከመስጊድ ሲመለሱ ከሰው ጋር ቆመው "የኔ ልጅ እንደ ሚዛን ናት፣ ሰባት ሺህ አትጎድልም" ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በጥቁር ገበያ በኩል ብትልክ የበለጠ ብር እንደሚያገኙ የሚመክሯቸው ነበሩ። አባቴ "እነሱ ወረቀት አይሰጡም" ብለው ይመልሳሉ። ያንን ቆርቆሮ ያላየ ሰው መልሱ አይገባውም።

እኔ ወልድያ ቤት ተከራየሁ። መርሳ የምሄደው በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ነው። አባቴ ገንዘቡን ከመርሳው ባንክ ራሳቸው ነው የሚያወጡት፤ ፊደል ባያውቁም ብር ሲቆጥሩ የሚያሳስታቸው የለም። ለእኔ የሚነግሩኝ ብሩን ብቻ ነው። "እህትሽ ሰባት ሺህ አራት መቶ ላከች" ይሉኛል። "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። በዚያው ያልቃል።

ጦርነቱ አካባቢያችን ደርሶ ባንኩም ስልኩም የተዘጋ ጊዜ እኔ ከሰው ጋር ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወዲያ ሸሸሁ። አባቴ ቤታቸውን ለቀው አልሄዱም። ስመለስ ቆርቆሮውን ከአገዳ ክምር ሥር ቀብረው አገኘኋቸው። ስልክ በተከፈተ ቀን እታለም ደውላ ሁለታችንም በሕይወት እንዳለን ስትሰማ መናገር አቅቷት ስልኩን ዘጋችው። በሳምንቱ ገንዘብ ላከች። ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ብር።

ከዚያ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን የተባለበት ጊዜ መጣ። አሥራ አምስት ብር እንኳ ያልሞላችው ሪያል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሠላሳ ገባች። በሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አይተው "ልጄ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ልጅ አረብ አገር ያለው ፊቱ ይበራል። የሌለው ደግሞ ሰሌዳውን ካየ በኋላ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ዘይቱ፣ ስኳሩና ማዳበሪያው እንደሚከተል ያውቃላ። በዚያ ሰሞን ቤት ስሄድ አባቴ "እህትሽ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ላከች" አሉኝ። እኔ ያን ሳምንት ሙሉ በገዛ እጄ ሠላሳ እያልኩ ስጽፍ የከረምኩት "አልሐምዱሊላህ" ብዬ አለፍኩ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ያለፈው ዓመት አረፋ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ እሑድ ጠዋት አባቴ ቆርቆሮውን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት።

"አርጅቻለሁ" አሉ። "ልሙት ልኑር አላህ ነው የሚያውቀው። ከቤቱና ከመስኖው የእህትሽን ድርሻ በሽማግሌ ፊት ላስቀምጥላት ነው። የሰጠችንን ሳላውቅ እንዴት እከፍላለሁ? ደምሪልኝ።"

"ሁሉንም?"

"ከመጀመሪያዋ ጀምሪ።"

እሳቸው ሽንኩርቱን ውኃ ሊያጠጡ ወረዱ። እኔ ሰሌን ላይ ደረሰኞቹን እየፈታሁ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው መደርደር ያዝኩ። የቆዩት ወይበዋል፣ መታጠፊያቸው ላይ ተበጥሰዋል። ሁሉም ላይ ሦስት ነገር አለ። የተላከው ሪያል፣ የዕለቱ ምንዛሪ፣ የተከፈለው ብር። መጀመሪያ ብሩን ደመርኩ። ግን ገና ሳልጨርስ ድምሩ ትርጉም እንደሌለው ገባኝ። በሁለት ብር ከሰላሳው ዘመን የመጣ ሁለት ሺህ ብርና ዛሬ የሚመጣ ሁለት ሺህ ብር አንድ ላይ አይደመሩም። ያኛው ቤተሰብ ያከርም ነበር፤ ይኼኛው አንድ ሳምንት አያደርስም። ስለዚህ ሪያሉን ልደምር ብዬ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ።

አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ እያለ ብዙ ዓመት ይሄዳል። ሪያሏ ዘጠኝ ብር ከሰላሳ የገባች ጊዜ ስምንት መቶ ይላል። ሲባዛ ሰባት ሺህ አራት መቶ አርባ ብር። ሪያሏ አሥራ አራት ስትገባ አምስት መቶ ሃያ ይላል። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ። ሠላሳ ስትገባ ሁለት መቶ ሃምሳ። የመጨረሻዋ ደረሰኝ ላይ ሪያሏ ሠላሳ ሰባት ናት፤ የተላከው ሁለት መቶ ሪያል ነው።

ብዕሩን አስቀመጥኩት። አባቴ "አትጎድልም" የሚሏት ሰባት ሺህ ብር ቦታዋ ላይ ነበረች። ከሥሯ ያለው ሪያል ግን ከአንድ ሺህ ተነስቶ ሁለት መቶ ደርሷል። እህቴ ከዓመት ዓመት እየጎደለች ነበር። ምንዛሪው እየሞላላት አላየናትም።

አባቴ ከመስኖው ሳይመለሱ ጓሮ ወዳለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወጣሁና ደወልኩ። እታለም በቪዲዮ ማውራት ከተወች ዓመታት አልፈዋል። የስልኳ ካሜራ ተበላሽቷል ብላን አምነናት ነበር።

"እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትዋሺኝ።"

"ምነው? አባ አመማቸው?"

"አባ ደህና ናቸው። ባለፈው ስንት ሪያል ነው የላክሽው?"

"ሰባት ሺህ አልደረሰም እንዴ?"

"ብሩን አይደለም የጠየቅኩሽ።"

ከዚያ ሳቅ አለች፤ ሕፃን ሆኜ ጥፋት ስትይዝብኝ የምትስቀውን ሳቅ። "አንቺን ባንክ ቤት ያስገባሁ እኔው ነኝ" አለች። "ማንን እወቅሳለሁ?"

ከዚያ ነገረችኝ። ምንጣፍ ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ ወድቃ ወገቧን ተጎድታለች። ይህ የሆነው ሪያሏ ዘጠኝ ብር አካባቢ በነበረችበት ዓመት ነው። አሠሪዎቿ ሁለት ወር ታገሷት፤ ቀጥ ብላ መቆም እንደማትችል ሲያዩ ሌላ ሠራተኛ አመጡ። ከዚያ ወዲህ ከሌሎች የአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በሳምንት ሁለት ቀን የአንዲት ባልቴት ቤት ታጸዳለች፣ በቀሩት ቀኖች ተቀምጣ ሳምቡሳ እየጠቀለለች ለሠራተኞች ትሸጣለች። የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። በካሜራ ያላየናት ተጣምማ ስለምትቀመጥ ነው።

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ነግሬያችሁ ምን ልታደርጉ? አባ በሰው ፊት ሰባት ሺህ አትጎድልም እያሉ እንደሚኮሩ አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? እኔም እንዳትጎድል አደረግኋት። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ምንዛሪውን ነው። አንቺ እዚያ ሰሌዳው ላይ ስትጽፊ እኔ እዚህ በስልኬ አያታለሁ። ሪያሏ በወጣች ቁጥር ለእናንተ የምልከው ትንሽ ይቀንስልኛል፤ የተረፈችውን ለመድኃኒት አደርጋታለሁ። ሠላሳ የገባች ቀን ወላሂ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሱጁድ ወረድኩ። ተነስቼ ደግሞ አስተግፊሩላህ፣ ጌታዬ ማረኝ አልኩ። ዘይት በስንት እንደምትገዙ አላውቅም መሰለሽ?"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። "ለአባ እንዳትነግሪያቸው" አለችኝ። እሺ አልኳት።

አባቴ ሲመለሱ ድምሩ ገና አላለቀም ብዬ ወልድያ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳውን ጽፌ መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ከሐራ የመጡ አሮጊት ነበሩ። "ዛሬ ሪያል ስንት ገባች?" አሉኝ። ስነግራቸው "እሰይ፣ ወጥታለች!" አሉ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። እሳቸው ደንግጠው "ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?" እያሉ በመስኮቱ ቀዳዳ እጄን ይዘው ቆዩ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ቃሌን ላፈርስ ወሰንኩ። እህቴን እሺ ያልኳትን ነገር አፍርሼባት አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። አባቴ ከዙህር ሶላት ተመልሰው ጥላው ውስጥ ተቀምጠዋል። ደረሰኞቹን ከፊታቸው ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ወገቧም፣ ስለ ሳምቡሳውም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ "ሪያሉን ብቻ አንብቢልኝ፣ ብሩን ተይው" አሉ። አነበብኩላቸው። አንድ ሺህ ስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስምንት መቶ ላይ ስደርስ መነቅነቃቸውን አቆሙ። ሁለት መቶ ስል ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ሰው ፊት ስኮራ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ልጄ እየተሰበረች ነበር።" ከዚያ "ደውዪልኝ" አሉኝ።

እታለም ስታነሳ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እህትሽ ነግራኛለች። እሷን አትቆጪ።"

"አባ፣ እኔ..."

"ቆይ፣ እኔ ልጨርስ። እኔም የደበቅኩሽ አለኝ። ቀዩ በሬ በበሽታ አልሞተም። ሸጬዋለሁ።"

እኔም የምሰማው ገና ያኔ ነው። በሬው ሞቶብኛል ብለው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ፣ አንድ የእሳቸውን አንድ የጎረቤትን በሬ አጣምረው ሲያርሱ ሦስተኛ ክረምታቸው ነበር።

"ለምን ሸጡት?" አለች እታለም።

"ሰባቱ ሺህ አልደርስ አለኛ፣ ልጄ። ማዳበሪያው እንደ ድሮው አይደለም፣ ዘይቱም፣ ሁሉም። እውነቱን ብነግርሽ ጨምረሽ ትልኪ ነበር፤ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። አንቺም ለእኔ ብለሽ፣ እኔም ላንቺ ብዬ። አየሽ፣ አንድ ነን።"

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ተሰማ። ስታለቅስ ሰምቻት የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። አባቴ እስክትጨርስ ጠበቋት።

"አሁን ነይ" አሏት።

"ባዶ እጄን ነው የምመጣው አባ።"

"ስትሄጂ ምን ይዘሽ ነበር? ነይ አልኩሽ እኮ።"

ወረቀቷን ለማስተካከልና ለመሳፈር ሦስት ወር ፈጀባት። በእነዚያ ሦስት ወሮች ገንዘብ አልላከችም፤ አባቴ ከልክለዋታል። በመስጊድ በር ላይ አንድ ሰው "ልጅህ በዚህ ወር ላከች?" ብሎ ሲጠይቃቸው አጠገባቸው ነበርኩ። "ራሷ ነች የምትመጣው" አሉት። እንዲያ ሲሉ ድምፃቸው ከድሮው ከፍ ያለ መሰለኝ።

የመጣች ቀን አባቴና እኔ መርሳ መናኸሪያ ከጠዋት ጀምሮ ቆምን። አውቶቡሱ ከሰዓት ነው የገባው። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ፤ በመጨረሻ እሷ በሩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላዋ ዞራ፣ መሰላል እንደሚወርድ ሰው፣ አንድ አንድ እግር እያሳረፈች ወረደች። ፊቷን ስታዞር የእናቴን ፊት አየሁ። እናቴን በደንብ አላስታውሳትም፤ ግን እንደዚያ ነው የተሰማኝ። አባቴ ትከሻዋን ሳሟት።

"መጣሽ?" አሉ።

"መጣሁ" አለች።

ከዚያ ስለ መንገዱ አቧራ አወሩ።

በቀሚሷ ጫፍ ሰፍታ ያመጣችው አንድ ሺህ አራት መቶ ሪያል ነበራት። ለሕክምናዋ እንድመነዝርላት ወልድያ ይዤያት ሄድኩ። መስኮቴ ፊት ቆማ ምንዛሪውን አየችና "ዛሬ አትመንዝሪው፣ ነገ ትወጣለች" አለችኝ። የስንት ዓመት ልማድ ነው። "ሐኪሙ ቀጠሮ የሰጠሽ ዛሬ ነው እኮ" አልኳት። ሳቀችና አንድ በአንድ ቆጥራ ሰጠችኝ። ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም ተባለ። ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ የታዘዘላትን እንቅስቃሴ እንድትሠራ፣ ቀስ እያለች እንድትራመድ መከሯት። ደሴ ድረስም ሄደን አሳየናት፤ የነገሩን ያንኑ ነው።

አባቴ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። የቤቱን ግማሽና የመስኖውን የላይኛውን ወገን ለእሷ ሰጧት። አንዱ ሽማግሌ "የላከችው በጠቅላላ ስንት ሆነ?" ብለው ጠየቁ። አባቴ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ "በብርም በሪያልም አልቆጠርኩትም" አሉ። "ልጅ ሆና ሄዳ የተመለሰችው ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። እሱን ነው የቆጠርኩት።" ዱዓ ተደረገና ሽማግሌዎቹ ተነሱ።

አሁን እታለም ጠዋት ጠዋት ሳምቡሳ እየጠቀለለች መርሳ ላለ ምግብ ቤት ታቀርባለች፤ ተቀምጣ የምትሠራው ስለሆነ ወገቧን አይጎዳትም። በሬው ገና አልተገዛም፤ አባቴ ዘንድሮም በመቀናጆ ነው ያረሱት። ኑሮው አልረከሰም። ሪያል የሚልክልን ሰው ስለሌለ ደግሞ ምንዛሪው ሲወጣ ለእኛ የሚቀረን ውድነቱ ብቻ ነው። አንዳንድ ወር እኔ ከደመወዜ ስሰጣቸው ሁለቱም አንዳቸው ከሌላው ደብቀው ሊመልሱልኝ ይሞክራሉ።

ባለፈው ሳምንት ሦስታችንም ወደ መስኖው ወረድን። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ እታለም በጣም ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። ሰው እየጠበቃት እንደሆነ ካወቀች ደግሞ ታፍርና ትፈጥናለች፤ ከፈጠነች ማታውን ስትቃትት ታድራለች። አባቴ ከፊት ነበሩ። ጥቂት ሄዱና ቆመው የጎረቤቱን ማሽላ በእጃቸው እየዳበሱ ያዩ ጀመር። ስንደርስባቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንደገና ትንሽ ሄደው ጫማቸው ጠጠር ገብቶበት አራገፉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆሙ ግራ ገባኝና ጠጋ ብዬ "አባ፣ እግርዎን አመመዎት እንዴ?" አልኳቸው።

እታለም ከኋላችን ነበረች። አባቴ ወደ እሷ ሳያዩ ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

"አዎ፣ ጉልበቴን" አሉ፣ እሷ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ዛሬ ቀስ ብለን እንሂድ።"

እታለም ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች። "ይደገፉኝ፣ አባ" አለቻቸው። ተደገፏት፤ ወይም የተደገፉ መሰሉ። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቁልቁል ሲወርዱ እኔ ከኋላ ቀረት ብዬ ተከተልኳቸው።